ሠላሳ ዓመት የቆመችው ሻምፓኝ

ቤታችን የነበረችው ሻምፓኝ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ለአባቴና ለእናቴ ሰርግ አንድ የአዲስ አበባ ዘመድ ይዟት መጣ፤ ጠጁ ስለበቃ ሳትከፈት ቀረች። ከዚያ ወዲህ ደብረ ብርሃን፣ ሳሎናችን ውስጥ፣ ቡፌው ላይ ዳንቴል ተነጥፎላት ኖረች።

ኖረች ስል ቤት ውላ እንዳይመስላችሁ። ሰፈር ውስጥ ሰርግ ሲኖር ሙሽሮቹ ፊት ለፎቶ እንድትቆም ይዋሷታል። ፎቶው ሲያልቅ በክብር ትመለሳለች። ማንም አይከፍታትም፤ አደራ ናት። አንዴ ጫጫ ድረስ በሚኒባስ ሄዳ፣ አንዲት ጎረቤታችን ጭን ላይ ተቀምጣ ተመልሳለች። እኔን ለሚዜነት እንኳ የሚጠራኝ ሳይኖር እሷ ስንቱን ዳረች! እውነቴን ነው፣ እቀናባት ነበር።

አባቴ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። "የምትከፈተው የልጄ መልስ ዕለት ነው" ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አውጇል።

"አባዬ፣ ትበላሻለች እኮ" ስለው፣

"እሷ ምን አደረገች? የዘገየሽው አንቺ!" ይለኛል።

በመጨረሻ አገባሁ። ባሌ የአንኮበር ልጅ ነው፤ አባቱ እዚያው የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። መልሱ ሲቃረብ ጭንቀት ያዘኝ። ስልኬ ላይ ሳነብ፣ ሻምፓኝ ጨለማ ቦታ ተጋድማ ነው የምትቀመጠው ይላል። የኛዋ መስኮት ፊት ለፊት ተገትራ ነው ያረጀችው። አባቴ በአማቶቼ ፊት ሲያፍር ታየኝ።

"አስቀድመን እንቅመሳት" አልኩት።

"ከተከፈተች ማን ይዘጋታል? ደግሞስ ደብረ ብርሃን ራሷ ፍሪጅ አይደለች እንዴ?"

ጠላ በመጥመቅ የታወቀችው እናቴ ግን "እንኳን መጠጥ፣ ሰውም ሠላሳ ዓመት ከተገተረ ይዝላል" አለች። በድብቅ ሌላ ገዝቼ ልተካት አሰብኩ፤ ሰፈሩ ሁሉ መልኳን ስለሚያውቅ ተውኩት።

የመልሱ ዕለት አባቴ ሳሎን መሐል ቆሞ ጠርሙሷን ወደ ጣሪያው አነጣጠረ። አክስቴ ጆሮዋን ደፈነች። ባሌ ከአምፖሉ ሥር ሸሸ። ቡሹ ግን እንደ ዘይት ጠርሙስ ክዳን ድምፅ ሳያሰማ ወጣ። አረፋ የለም፣ ምንም የለም።

አባቴ መጠጥ ሳይቀምስ ለእንግዳ የሚቀዳ ሰው አይደለም። እንደ ጠጅ አሳላፊ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ጠጣ። ፊቱ ተጨማደደ። ባዶ ብርጭቆ የያዘው ሁሉ ያየዋል። ዋሽ፣ አባዬ፣ ዛሬ ብቻ ዋሽ እያልኩ በልቤ ለመንኩት።

"ኮምጣጤ ሆናለች፤ ለእንግዳ አትሆንም" አለ። ድምፁ ተሰበረ።

ቄሱ አማቴ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና ባዶ መዳፋቸውን ዘረጉ።

"ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቋትን ብቻዎን ሊጠጧት ነው? ለእኔም ጠብ ያድርጉልኝ።"

"አባታችን፣ ኮምጣጤ ነው እያልኩዎት!"

"ልጅዎን ሰጥተውኝ ኮምጣጤ እምቢ ልበል?"

ጠጧት፤ አሳላቸው። ዕንባቸውን እየጠረጉ "እውነትም ክፉ ናት" ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሴቷ አማቴም እጃቸውን ዘረጉ፣ ከዚያ አክስቴ፣ ከዚያ ባሌ። አባቴ እየሳቀ በየመዳፉ ላይ አዞራት። እኔ ጋ ሲደርስ ዓይን ዓይኔን እያየ ግማሹን አዲሱ ቀሚሴ ላይ አፈሰሰው። የቀረውን ጠጣሁት። እንደዚያ ያለ መጥፎ መጠጥ በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም፤ ድገሚ ቢለኝ ግን ሁለቱንም እጄን እዘረጋለት ነበር።