የአሮጌው ቆርቆሮ ቀዳዳዎች

አናጢው ሰፊውን የሥራ ቤት ከጓሮው ያቆመው በገዛ እጁ ነው። አዲስ ቆርቆሮ ለመግዛት አቅሙ ስላልፈቀደ፣ ጣሪያውን ከፈረሰ መጋዘን ባገኘው ቆርቆሮ ከደነው። ቆርቆሮው ደግሞ የድሮ ሚስማር ቀዳዳ ሞልቶታል። ዝናብ ሳይመጣ ካልተደፈነ ዓመት ሙሉ ያደረቀው ጣውላ መጣመሙ ነው።

ሚስቱ በጠራራ ፀሐይ በሩን ዘግታ ጨለማው ውስጥ መሰላል ላይ ወጣች። ብርሃን ባየችበት ቀዳዳ ሁሉ ከመጥረጊያ የነቀለችውን ጭራሮ ታሾልካለች፤ እሱ ጣሪያው ላይ ሆኖ ጭራሮውን አይቶ በሬንጅ ይደፍንና ተመልሶ እዚያችው ቦታው ላይ ቁጭ ይላል።

«ሌላስ አለ?»

«አንድም የለም! ውረድልኝ፣ ወገብህን ሰብረህ አስታማሚ እንዳታደርገኝ።»

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ሁለቱም ሮጠው ገቡ። ጣሪያው ይንጫጫል፣ ጣውላው ደረቅ ነው። አናጢው ደረቱን ነፍቶ ቀና ሲል መላጣው ላይ ጠብ አለበት።

«የለም አላልሽም?»

ሚስቱ ወደ ላይ አየችና በሳቅ ፈነዳች።

«ቁጭ ብለህ የዋልክበት ነዋ! በዚያ ሰፊ መቀመጫህ የጋረድከውን ብርሃን በየት በኩል ልየው?»

አናጢው መላጣውን እየጠረገ ከእሷ ብሶ ሳቀ። እሷም ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ከጠብታው ሥር አስቀመጠችለት።