ሃያ ሰከንድ ጠብቅ

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ሲጠብቅ ከረመ፤ ታሪኩ በሙሉ ይኸው ነው። ሲጠብቅ የከረመው እኔ ስለሆንሁ ግን ለእኔ ትልቅ ጉዳይ ነበር።

ባሕር ዳር በገባሁ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አንድ መምህራችን የጣናን የውሃ ከፍታ በግራፍ የሚሥል ፕሮግራም ሲሠሩ ረዳት ፈለጉ። ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ሥራዬ መፈተሽ ነበር። ፕሮግራሙ መስኮት ሳይከፍት፣ ሰውም ሳያየው አርባ ግራፎችን በተከታታይ ሥሎ በፋይል ማስቀመጥ አለበት፤ ባች ሞድ የሚሉት ይህን ነው። ፍተሻው ግንቦት ሳያልቅ ከተሳካ ክረምቱን ላቦራቶሪው ውስጥ እቆያለሁ፤ ካልተሳካ ሥራው ለአንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ይሰጣል። እኔ ደግሞ ዘጌ በቤተ ክርስቲያን ለሚያገለግሉት አባቴ «ክረምቱን እዚሁ ነኝ» ብዬ ቀድሜ ደውያለሁ። ጥንቁቅ ሰው ነኝ።

ፕሮግራሙ መስኮቱን ከፍቼ ሳየው አሳምሮ ይሥላል። ዞር ስል ባዶ ነጭ ምስል ያስቀምጣል። ምክንያቱን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ብቻ ፈጀብኝ፦ መስኮት ሲከፈት ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል፤ በባች ሞድ ግን ሥዕሉ ሳያልቅ የእኔ ትእዛዝ «አስቀምጥ» ይላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ግራፍ በኋላ «አምስት ሰከንድ ጠብቅ» የሚል መስመር ጨመርሁ። ተሳካ። ሌላ ተማሪ በኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ሥራ ሲከፍት ግን ነጩ ምስል ተመለሰ። ሃያ ሰከንድ አደረግሁት። ግራፎቹ አማሩ፤ ብቻ ለፍተሻው የተፈቀደው አሥር ደቂቃ አለቀና ሃያ ስምንተኛው ላይ ተቋረጠ።

የዶርም ጓደኛዬ ነጩን ምስል አይቶ፣ «አንተ ዲያቆን፣ ዛሬም ጣናን አደረቅኸው?» አለኝ።

«ይሞላል፤ ትንሽ ጠብቅ።»

«አንተ እንደሁ ከመጠበቅ ሌላ አታውቅም!»

ተቀየምሁት። በማግስቱ መምህሩ ቢሮ ሄድሁና ስልክ እያወሩ ስለነበር በሩ ላይ አርባ ደቂቃ ቆምሁ። ሲወጡ አገኙኝ።

«መቼ መጣህ?»

«አሁን ነው፣ ቲቸር።»

ኮዴን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይህ ሁሉ ጠብቅ፣ ጠብቅ ምንድን ነው?»

«እስኪጨርስ ብዬ ነው።»

«መጨረሱን ጠይቀኸዋል?»

አልጠየቅሁትም። ያደግሁት አብነት ትምህርት ቤት ነው፤ የኔታን «ጨረሱ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይቼ አላውቅም። ደጅ ቆሞ መጠበቅ ጨዋነት ነው። ፕሮግራሙንም በዚሁ ጨዋነት ሳስተናግደው ከረምሁ፤ እሱ ግን ከቁብ አልቆጠረኝም። መምህሩ የፕሮግራሙን መመሪያ ገልጠው አሳዩኝ፤ ለካ ሥዕሉ ማለቁን የሚጠይቅ ትእዛዝ እዚያው ውስጥ ነበር። ሁለት ጊዜ አንብቤ ሁለት ጊዜ አልፌዋለሁ።

«በል አርባውንም ጠብቅ አውጣና በዚህ ትእዛዝ ተካ» አሉኝ።

አርባውንም በአንድ ጊዜ መተካት ሲቻል፣ እንዳልሳሳት ብዬ አንድ በአንድ ተካሁ። ፍተሻው በሁለት ደቂቃ አለቀ፤ አርባውም ግራፍ ሙሉ ነበር። መምህሩ ደግመው፣ ደጋግመው አስኬዱት፤ ምንም አልተሳሳተም። የላቦራቶሪውን የክረምት ቁልፍ የተቀበልሁት ግንቦት 19፣ በገብርኤል ዕለት ነው።