ሴራሚክ የተባለው ጋሻ

ግትር ነሽ ይሉኛል። ልክ ናቸው። ግትርነቱ ግን አብሮኝ አልተወለደም፤ ሀዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሳለሁ ከአንድ ካርቶን አጥንት የተማርኩት ነው።

ካርቶኑን የተወልን ባዮሎጂ አስተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰ ፈረንጅ ነው። ውስጡ መዳፍ የማይሞሉ፣ ወፋፍራም ግራጫ ጠፍጣፋ ነገሮች ነበሩ። ሁሉም ፊታቸው ላይ አበባ የመሰለ ቅርጽ አላቸው፤ መሐል ክብ፣ ዙሪያውን ትናንሽ ክቦች። ጡረታ የተቃረቡት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ አገላብጠው አዩና ንብረት መረከቢያው ቅጽ ላይ «የተሰባበረ ጌጠኛ ሴራሚክ» ብለው ጻፉ። እኔም ፈረምኩ። በመሥሪያ ቤታችን ወረቀት ሲቀርብ ይፈረማል እንጂ አይነበብም።

የፈረንጁን ማስታወሻ ከካርቶኑ ሥር ያገኘሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ለካ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ደቡብ አሜሪካ ይኖር የነበረ፣ ዘሩ የጠፋ አጥቢ እንስሳ ከአጥንት የተሠራ የጀርባ ጋሻ ኖሯል። ባጃጅ የሚያህል አውሬ! ልጁን ያጠባል፣ ሣር ይግጣል፣ ጀርባው ግን እንደ ኤሊ የተለበጠ ነው። አሸዋ ላይ ጠርዝ ከጠርዝ እየገጣጠምኩ ለተማሪዎች ማሳየት ጀመርኩ። ወደድኳቸው፤ ምን አሳፈረኝ።

ፕላዝማ ቴሌቪዥን ሊገባ ነው ተብሎ ላቦራቶሪው እንዲጸዳ ሲታዘዝ፣ ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ካርቶኑ ከተሰባበሩት ወንበሮች ጋር እንዲጣል ወሰነ። ለዚህ የግምጃ ቤቱ ኃላፊና የኔ ፊርማ ያስፈልጋል። አልፈርምም አልኩ።

ግምገማ ተጠራ። ርዕሰ መምህሩ በመምህራኑ ሁሉ ፊት አስነሣኝ። «ሴራሚክ ነው ብለሽ የፈረምሽው ራስሽ ነሽ። ዛሬ ምን ተገኘ? ግለ ሂስሽን አውጪ!»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔን ግን ዝምታ ያነቅዘኛል። ጠዋት ከሥጋ ቤት የለመንኩትን በመጋዝ የተቆረጠ የበሬ አጥንት ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ ከካርቶኑ ይዤ ከመጣሁት አንድ ስባሪ ጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የሁለቱም ውስጣቸው ያው ስፖንጅ የመሰለ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» አልኳቸው የግምጃ ቤቱን ኃላፊ።

መነጽራቸውን አድርገው አዩ፤ በጣታቸው ዳሰሱ። «አጥንት ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት የኔ ልጅ» አሉ።

ርዕሰ መምህሩ ፊቱ አልተፈታም። «አጀንዳው አጥንት አይደለም። አጀንዳው ያንቺ ዲሲፕሊን ነው።»

ገና ቋሚ ሠራተኛ አልሆንኩም ነበር፤ እንጀራዬ በእጁ ነው። ፈራሁ። ፍርሃቴ ደግሞ አናደደኝ።

«እንግዲያው ሂሴ ይኸውላችሁ» አልኩ። «ሳላነብ ፈርሜያለሁ። ሁለተኛ አይለምደኝም!»

ቃለ ጉባኤው ለፊርማ ሲዞር ሰው እየተቀባበለ ፈረመ፤ ጋሼም ፈረሙ። እኔ ጋ ሲደርስ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ። «ኧረ ምሳ ሰዓት ደረሰ!» አለ አንዱ። ሁለተኛው ገጽ ላይ አገኘሁት። «ሠራተኛዋ ጥፋቷን አምና ሴራሚኩ እንዲወገድ ተስማምታለች» ይላል።

ጮክ ብዬ አነበብኩትና እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሥተው መጡ። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው፣ ቆመው፣ ቀስ ብለው አነበቡት። ከዚያ እስክሪብቶውን አንሥተው የገዛ ፊርማቸውን ሰረዙ።