ሁለቴ የተበላሸ ጣራ

በነገሌ ቦረና ጣራው የሚታጠፍ መኪና አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የሐጂው ነበር። ሐጂው ገበያው አጠገብ ትልቅ ሱቅ ያላቸው፣ ጨርቅም ስኳርም ቆዳም የሚነግዱ ሽማግሌ ነበሩ። መኪናውን የገዙት በአብዮቱ ማግስት በሞያሌ በኩል ከአገር ከወጣ ሰው ላይ ነው። ረጅም፣ የአሜሪካ ሥሪት፣ ድሮ ሰማያዊ የነበረ ነው። ቤንዚን በራሽን በሚታደልበት ዘመን እንዲህ ያለ ጠጪ መኪና ማስቀመጥ እብደት መሆኑን ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸው ሳቁብኝ። መኪናው የሰርግ መኪና ነበር። ጣራው ታጥፎ ሙሽሪት ከኋላ ከፍ ብላ ተቀምጣ ከተማውን ስትዞር የማይወጣ ሰው አልነበረም፤ እስላም ክርስቲያን አይልም።

እኔ የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ። ጥሩ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ስለዚህ ነገር ትሕትና የለኝም። ከሻኪሶ እስከ ያቤሎ ሌላው ነካክቶ ያበላሸው ሁሉ መጨረሻው እኔ ዘንድ ነበር። ያልገባውን ነገር የሚፈታ ሰው አልወድም፤ የሐጂውን ሾፌር ደግሞ ከሁሉም አብልጬ አልወደውም ነበር። ደግ ሰው ነው። ግን ብሎን የሚያስረውን ዳዶ በፒንሳ ይፈታል። ዳዶ ልኩን የጠበቀ መፍቻ አለው፣ ፒንሳ ጥርሱን ይበላዋል፣ ብዬ ስንት ጊዜ እንደጮኽኩበት አላስታውስም።

ያን ሰሞን ሚስቴ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሆዷን ሲያማት ቆይቶ የነገሌው ሐኪም እዚህ አይሆንም፣ ወደ ላይ ውሰዷት አለ። ቀበሌው የይለፍ ወረቀት የሰጠው ለእሷና ለአንድ አስታማሚ ብቻ ስለሆነ ታናሽ እህቷ አብራት ሄደች። በሌላው ነገር ሁሉ የምከራከር ሰው እዚያ ላይ ዝም አልኩ። ሆስፒታል እፈራለሁ፤ ሽታውንም፣ ኮሪደሩንም፣ የሐኪሙን ፊት መጠበቁንም እፈራለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ወረቀቱ አንድ በመሆኑ እፎይ ብያለሁ። ልጅ አልነበረንም። ቤት ብቻዬን ቀረሁ።

እህቷ የምትደውለው ሐጂው ሱቅ ነበር፤ እዚያ ስልክ አለ። ጠዋትም ማታም እየሄድኩ እጠይቅ ነበር። ሰኞ ቀዶ ጥገና ይደረግላታል ብላ ደወለች። ሰኞ ማታ ምንም አልነበረም። ማክሰኞም አልነበረም። ረቡዕ ጠዋት ወደ ሱቁ ስሄድ ሐጂው ራሳቸው መንገድ ላይ ጠበቁኝ።

«አካም ቡልቴ?»

«ናጋ፣ ሐጂ። አንቱስ እንዴት አደሩ?»

«ናጋ። ዝናቡ ዘንድሮ ቀረ፣ አየህ?» አሉና ወዲያው፣ «ልጄ፣ የመኪናው ጣራ መሐል ላይ ቆሞ ቀረ። አይወጣም፣ አይወርድም። እሁድ ሰርግ አለ። ቤት ና፣ እዚያው ግቢ ሥራልኝ» አሉኝ።

«ስልክ አልተደወለም?»

«ስልኩ ተቆርጧል። መስመሩ ነው አሉ።» ሲናገሩ የሚያዩት ጫማቸውን ነበር። «ሲሠራ ሰው እልክብሃለሁ። አንተ ከግቢው አትውጣ።»

መሣሪያዬን ይዤ ሄድኩ። መኪናው ከግራር ጥላ ሥር ቆሟል፤ ጣራው መሐል ላይ ተገትሮ አቧራ ለብሷል። ጣራውን የምታዝዘው ማብሪያ ማጥፊያ ከመሪው አጠገብ ናት። ስጫናት ከኋላ ወንበር በስተጀርባ ሞተሩ አጉረመረመ፤ ጣራው ግን ንቅንቅ አላለም። ደስ አለኝ። ሞተር እየጮኸ ጣራ የማይሄድ ከሆነ ኤሌትሪኩ የድርሻውን ሠርቷል፤ ጥፋቱ ዘይቱ ጋ ነው። የዚህ መኪና ጣራ በሞተር ብቻ አይሄድም። ሞተሩ ፓምፕ ያዞራል፣ ፓምፑ ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ ደግሞ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ክንዶች ያነሳቸዋል። ወንበሩን አውጥቼ የፓምፑን ዘይት መያዣ ከፈትኩ፤ ደርቋል። በግራ በኩል ያለው ቱቦ ከመጋጠሚያው ላይ ያነባ ነበር፤ ምንጣፉ ርሷል። ቱቦውን ከጫፉ ትንሽ ቆርጬ እንደገና አጠበቅሁት። በፍሬን ዘይት ሞላሁት። ውስጡ የታሰረውን አየር ለማስወጣት ጣራውን በእጄ ደጋግሜ አነሳሁ፣ ጣልኩ። አሥር ሰዓት ላይ ማብሪያዋን ስጫናት ጣራው ብረቱ እየተንቋቋ ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ።

«አለቀ!» ብዬ ጮኽኩ።

የተደሰተ አልነበረም። ሾፌሩ ከበሩ ሥር ሆኖ፣ «ዛሬውኑ?» አለ። ሐጂው ከበረንዳው ተነሡ፣ መለስ ብለው ተቀመጡ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላል ያገርህ ሰው» አሉኝ። «ሱታ፣ ልጄ፣ ሱታ።» ቀስ በል ማለታቸው ነው። «ነገ ጠዋት ደግሞ መጥተህ እየው። አደራ፣ ሌላ ቦታ ሳትሄድ በቀጥታ ወደዚህ።»

ሥራ ቶሎ ጨረስክ ተብዬ ስወቀስ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ተናደድኩ። ሾፌሩ እስከ ቤቴ ድረስ ሸኘኝ፤ ለምን እንደሚሸኘኝ ስጠይቀው በዚያው መንገድ ጉዳይ አለኝ አለ።

ሐሙስ ጠዋት ማብሪያዋን ስጫናት ሞተሩ ዝም አለ። ማጉረምረም እንኳ የለም። ማታ ሲሠራ የተውኩት ነገር ነው። ከቀላሉ ጀመርኩ፣ እንደ ልማዴ። ባትሪው ደህና ነው። ፊውዙ ደህና ነው። በመሞከሪያ አምፖሌ ሽቦውን እየተከተልኩ ሄድኩ፤ ማብሪያዋ ጋ በራ፣ ወንበሩን አውጥቼ ሞተሩ ጫፍ ላይ ስነካው በራ። እንግዲህ ኤሌትሪኩ እስከ ሞተሩ ደርሷል፤ መመለሻ ነው ያጣው። መመለሻው ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኝ አንድ ጥቁር ሽቦ ነው። ብሎኑ ባዶውን ነበር። ሽቦው ምንጣፍ ሥር ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ዳዶው አጠገቡ። አንሥቼ አየሁት። ጠርዙ ላይ የፒንሳ ጥርስ አዲስ ብልጭ ብልጭ ይላል።

ሽቦ በራሱ ከብሎን ወርዶ ምንጣፍ ሥር አይደበቅም። በፒንሳ ዳዶ የሚፈታም ሰው በከተማው አንድ ነው። የልቤን ልነግረው ቀና ስል ሾፌሩ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ቆሟል። ዓይኑ ደም ለብሷል። ሻዩ ማስቀመጫው ላይ ፈሷል።

ያኔ ነው የገባኝ። አንድ በአንድ አይደለም፤ አንዴ ነው የገባኝ። በእኛ አገር ሰላምታ አጭር አይደለም። አካም ይባላል፣ ናጋ ይባላል፣ ከዚያ ቤቱ፣ ሚስቱ፣ ልጁ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ በየተራ ይጠየቃል። አንዲት ፍየል እንኳ የሌለኝን ሰው ስለ ከብቴ የሚጠይቁኝ ነበሩ። ከረቡዕ ጠዋት ጀምሮ ግን ያገኘሁት ሰው ሁሉ ከናጋ ተነሥቶ ዝናቡ ላይ ያርፍ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሚስትህስ፣ ተሻላት ወይ፣ ሲሉኝ የሰነበቱ ሰዎች ናቸው። ሁሉም መሐሉን ዘለውት ነበር። እኔ ደግሞ ጥያቄው ስለሰለቸኝ ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

መርዶ ዘመድ ሳይሰበሰብ አይነገርም። ነገሌ ውስጥ የሥጋ ዘመድ የለኝም፤ እህቴ ያቤሎ ነበረች፣ የሚስቴ ወንድም ሻኪሶ ወርቅ ቁፋሮ ላይ። እነሱ እስኪደርሱ ከስልክና ከወሬ የሚያርቀኝ ሥራ ያስፈልግ ነበር። የጣራው መበላሸት እውነት ነው፤ በጊዜው ደረሰላቸው። ሥራው ሲያልቅባቸው ግን የገዛ መኪናቸውን እንደገና አበላሹት።

ዳዶውን በሁለት ጣቴ ያዝኩት። ማሰሩ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ኪሴ ከተትኩት።

«ምንድነው?» አለ ሾፌሩ።

«ፓምፑ ነው» አልኩ። «ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት። ቀኑን ይፈጃል።»

ፊቱ ሲፈታ አየሁት። «ይፍጅ፣ ይፍጅ» አለ። «ማን አቻኮለህ።»

ደህና የነበረውን ፓምፕ ፈታሁት። እያንዳንዷን ብሎን ጨርቅ ላይ በተራ ደረደርኩ፣ በቤንዚን አጠብኩ፣ አደረቅሁ፣ እንደገና አጠብኩ። ምን ተሰማህ ብባል፣ ምንም። ሚስቴን ሳይሆን ብሎኖቹን ነበር የማስበው። ሰባት ነበሩ፤ ሰባት መሆናቸውን ደጋግሜ አየሁ። ለምን አልጠየቅሃቸውም የሚለኝ ይኖራል። ብጠይቅ ሐጂው ሁለተኛ መዋሸት አይችሉም፤ እዚያው ያለቅሱ ነበር። እነሱ ካልነገሩኝ ደግሞ ሚስቴ ታማ አዲስ አበባ ተኝታለች እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ምሳ መጣ። ከሐጂው ማድቤት አልነበረም። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ የእሳቸውን ሥጋ እንደማልበላ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ከጎረቤቴ ቤት ተሠርቶ በሷው ሰሃን ተሸፍኖ ነበር የመጣው። ዶሮ ወጥ፣ በአዘቦት ሐሙስ። መርዶ የሚነገረው ሰው አስቀድሞ እንዲበላ ይደረጋል፤ ኋላ እህል አይወርድለትምና። ሐጂው ከጎኔ ተቀምጠው፣ «ብላ፣ ልጄ፣ ብላ» ይሉኝ ነበር፤ እያንዳንዱን ጉርሻ በዓይናቸው ይሸኙታል። ለምን እንደሚያበሉኝ እያወቅሁ በላሁ። ሰሃኑን ጨረስኩት። ጣፍጦኝም ነበር፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ከሻኪሶ የሚመጣው የጭነት መኪና ከግቢው በር ፊት ለፊት ቆመ። የሚስቴ ወንድም ከላይ ሲወርድ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። ነጠላው ተዘቅዝቋል፤ እግሩ መሬት ሲነካ አፉ ተከፈተ። ሾፌሩ ሮጦ ደርሶ አፉን በመዳፉ ከደነለትና አቅፎ ወደ ጎረቤት ቤት አስገባው። እህቴ ጠዋት ገብታ እዚያው ተደብቃ እንደነበር ኋላ ሰማሁ። ከእንግዲህ የሚጠበቅ ሰው አልነበረም።

ፓምፑን ገጠምኩ። ዳዶውን ከኪሴ አውጥቼ በልኩ መፍቻ አጠበቅሁት። ከዚያ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ ማብሪያዋን ተጫንኩ፤ ጣራው በላዬ መጥቶ ተከደነ። ውስጡ ጨለመ፣ የአሮጌ ሸራ ሽታ ሸተተኝ። እዚያ ጥቂት ተቀመጥኩ። መውጣት አልፈለግሁም ነበር፤ ግን ወጣሁ።

«ምን ሆኖ ነበር?» አሉ ሐጂው።

«ዳዶ ላልቶ ነው። የመንገዱ መንቀጥቀጥ ነው ያላላው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ አላዩኝም።

ቤቴ ገባሁ። ንጋት ላይ ሰው እንደሚመጣ ስለማውቅ ቤቱን ልጠርግ፣ መቀመጫ ልደርድር አሰብኩ። ዝግጁ ሆኜ እንዳያገኙኝ ብዬ ተውኩት። ከነልብሴ ጋደም አልኩ። ሲነጋጋ በሩ ሲመታ ነቅቼ ሳለሁ «ማነው?» ያልኩት እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ ነው።

ቤቱ ሞላ። ሐጂው አልጋው ጠርዝ ላይ ከጎኔ ተቀመጡ። «በርታ፣ ልጄ። የፈጣሪ ሥራ ነው» አሉና ቀሪውን መጨረስ አቃታቸው፤ ሚስትህ ሰኞ አርፋ እዚያው አዲስ አበባ ተቀብራለች ብሎ የጨረሰው አንድ ጎረቤቴ ነው። እህቴ ጮኸች። የሚስቴ ወንድም ደረቱን እየደቃ ወለሉ ላይ ወደቀ። እኔ ዓይኔ ደረቅ ነበር። ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ፣ እንባ ይመጣ እንደሆነ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

የሚስቴ ወንድም ቀና ብሎ አየኝ። «አልቅስ እንጂ!» አለ። «እህቴ እኮ ናት የሞተችው! አንተ ቀርተህ ሰደድካት፣ አሁን ደግሞ እንደ ድንጋይ ትቀመጣለህ?» ያን ጠዋት እንደተቀየመኝ ቀረ፤ ከሠልስቱ በኋላ ደጄን አልረገጠም።

ትናንት ነው ያወቅሁት፣ ቀኑን ሙሉ ይዤው ዋልኩ ልለው አፌን ከፈትኩ። ሐጂው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘውት ነበር። ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ ይነፋረቃል።

«ተወው፣ ልጄ፣ አትቆጣው» አሉት ሐጂው። «ድንገት ሆኖበት ነው። ገና አልገባውም።»

እኔም እንዳልገባው ሰው አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።