ለፎርም የተነቀለ ሣር

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር መናኸሪያ አጠገብ አዲስ የታጨደ ሣር ሸተተኝና ቆምኩ። ልጄ ከጎኔ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን ይሞላል። «አዲስ አበባን አስቀድም» እያልኩ ስጨቀጭቀው ነው የሰነበትኩት።

እኔም በሱ ዕድሜ፣ እዚሁ አቅራቢያ ላንቴ ቀበሌ፣ ሙዝ እርሻችን መሀል ባለችው ቤታችን ፎርም ይዤ ነበር። አንደኛ ምርጫዬን አርባ ምንጭ ብዬ ሞላሁ፤ ከቤት መራቅ አልፈለግሁም። አባቴ ግን አዲስ አበባ ገብቼ ሐኪም እንድሆን ይመኝ ነበር። ለመነኝ፤ ተቆጣኝ፤ እምቢ አልኩ። በመጨረሻ ወጣና ከቦዩ ዳር እርጥብ ሣር ነቅሎ ተመለሰ። ሣሩን በሁለት እጁ ይዞ ፊቴ ተንበረከከ። እኛ ጋሞዎች ዘንድ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ጦር የሰበቀ እንኳ ይመለሳል። ከሣሩ ሥር የሚንጠባጠበው ጭቃ የአባቴን ጉልበት ሲያበላሸው አየሁ።

አያቴ በር ላይ ደርሰው ነበር።

«ይሄ ሣር እኮ ደም ማቆሚያ ነው» አሉት። «በገዛ ልጅህ ላይ ትይዘዋለህ?»

አባቴ አንገቱን ደፋ እንጂ አልተነሳም። ፎርሙን ቀየርኩ።

ሐኪም ሆንኩ። አባቴ ሲታመም አዲስ አበባ የሰው አባት ሳክም ነበር። ስደርስ ተቀብሯል።

«እማዬ፣ አንደኛ አርባ ምንጭ ብዬ ሞላሁት» አለኝ ልጄ፣ ዓይኔን እየሸሸ።

መቼ ጎንበስ እንዳልኩ እንጃ፤ እጄን ሳየው እርጥብ ሣር ጨብጫለሁ።