የቁጥር ዐሥራ አራት ደብዳቤ

በቦሌ ሚካኤል ታሪክ፣ ምናልባትም በመላው አፍሪካ፣ የሰው ምስጢር በኢንተርኔት እንዳይባክን ዘብ የቆመ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ይህን የተናገርኩት ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ነው። ልጄ ሕሊና ስልኳን ይዛ ከክፍሏ ወጣችና "ማነው የነካብኝ?" አለች። የተሳሳተ ቁጥር ደጋግሞ ስለገባበት ስልኩ ለአምስት ደቂቃ አልከፈትም ብሎ ተቆልፏል። ባለቤቴ እኔን አየችኝ። እኔ ድመቷን አየኋት። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠረግሁና የሰውን ደብዳቤ ስለማክበር ሽሮው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ንግግር አደረግሁ።

"የአንድ ሰፈር ሰው ምስጢር በሙሉ በእጄ ነበር" አልኩ። "አንዲት ቃል አምልጣኝ ታውቃለች?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለች ሕሊና። "አልተወለድኩም።"

እውነቷን ነው። የዚያን ጊዜ የተወለዱት ግን ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም እስካሁን በሕይወት አሉ። እነሱ ከሚነግሯት እኔው ብናገረው ይሻላል።

ኢንተርኔት አገራችን ከገባ ዓመት ቢሞላው ነው። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ፀጉሬም ያኔ ሙሉ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ በሚገኘው የእትዬ አልማዝ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ያን ጊዜ አያት ሰፈር ማለት ጤፍ ማሳ ነው፤ ወደ ሳሊተ ምሕረት የሚሄድ ሰው ስንቅ ይቋጥር ነበር ብል ያጋነንኩት በጥቂቱ ነው። ክረምት ሲገባ በእኛ ደጅ ያለው ጭቃ ጫማ ይውጥ ስለነበር ከበራችን እስከ አስፋልቱ ድንጋይ ደርድረን በድንጋዩ ላይ እየዘለልን እንሻገራለን። እትዬ አልማዝ ግን አርቀው የሚያዩ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን ኮምፒውተሩን ከስልኩ ጋር አስገጠሙና በራችን ላይ "ኢሜይል እንልካለን፣ እንቀበላለን" የሚል ጽሑፍ አስለጠፉ።

አድራሻው አንድ ነበር። ለሰፈሩ በሙሉ አንድ። ይህ ለዛሬ ልጅ ሲነገረው የሚያስቅ ነገር ነው፤ ያኔ ግን ማንንም አልገረመም። አንድ ሰው መሥሪያ ቤቱ የፖስታ ሣጥን ካለው ዘመዱም ጎረቤቱም በዚያው ቁጥር ይጻጻፍ አልነበር? ይኸም እንደዚያ ነው። ላኪው ከላይ "ለእገሌ ይድረስ" ብሎ ይጽፋል፤ እኔ አትሜ፣ አጥፌ፣ በስቴፕለር እመታውና በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ እሰቅለዋለሁ። የሰውዬው ዘመድ ወይም ጎረቤት ሲያልፍ አውርዶ ያደርስለታል። ለእኛ የመረጃ ደኅንነት ማለት ስቴፕለር ነበር።

ታዲያ ደብዳቤው በአማርኛም ቢሆን የሚመጣው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ብዙዎቹ ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ያንን ፊደል ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ የመታሁትን ስቴፕለር እኔው እነቅልና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ። ልክ አንጀት የሚበላው ቦታ ላይ ስንደርስ ከአናታችን በላይ አውሮፕላን ይመጣል። እጮኻለሁ። አውሮፕላኑ ያልፋል፣ እኔ ግን ጩኸቴን ቶሎ ስለማላቆም "ኩላሊቱን ታሞ ነበር" የሚለው መላው መንደር ጆሮ ይገባል። በስልክ ሲያወሩ እንኳ ሰው ይሰማናል ብለው የሚንሾካሾኩ ሽማግሌዎች ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ይሉና "ይኸን ማንም አያየውም አይደል?" ይሉኛል። "ማንም" እላቸዋለሁ፣ እያነበብኩት።

ሰዓዳ የመጣችው በሐምሌ ነው። አባቷ ጋሽ ይመር ከወሎ መጥተው ከእኛ ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጡ፣ ሰፈሩ የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። እሷ በአንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። የላቦራቶሪ ትምህርት በነጻ ለመማር ሕንድ አገር ላለ ኮሌጅ አመልክታ ኖሮ መልሱ በእኛ አድራሻ ነው የሚመጣው።

"ታምሩ፣ እኔ ሳላየው ማንም እንዳያየው" አለችኝ።

"እኔ ጋ የገባ ምስጢር መቃብር ገባ ማለት ነው።"

"መቃብርማ ዝም ይላል።"

"አባትሽስ ቢጠይቁኝ?"

"ለአባዬ የምነግረው እኔ ነኝ። ከተቀበሉኝ ያን ቀኑን እነግረዋለሁ። ካልተቀበሉኝ ደግሞ ባዶ ተስፋ ይዤ ቤቱን አላስጨንቅም።"

ጋሽ ይመር ሱቃቸውን ለእሷ ለማውረስ ያስቡ እንደነበር መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ዓይናቸውም እየደከመ ነበር። ነገሩ የቀልድ እንዳልሆነ ገባኝና ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ፤ እሺ፣ ግማሽ ሰዓት አሰብኩ። በማግስቱ ሥርዓት አወጣሁ። ከእንግዲህ ገመዱ ላይ ስም አይጻፍም፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የምስጢር ቁጥር ይሰጠዋል። ሰዓዳ ዐሥራ አራት ሆነች። ራሴን የስለላ ድርጅት ሹም አድርጌ ማየት ጀመርኩ።

ሥርዓቱ አራት ቀን ሠራ። በአምስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ቁጥራቸውን ረሱት። አንዱ የሌላውን ደብዳቤ ወስዶ ስለማያውቀው ሰው ሠርግ ሲደሰት ዋለ። እትዬ አልማዝ ተቆጡ። እኔም መላ ዘየድኩ፦ የደንበኞቹን ሁሉ ስም ከነምስጢር ቁጥራቸው በትልልቁ ጽፌ ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ከላዩ ላይ "በጥብቅ ምስጢር የተያዘ" የሚል ርዕስ ነበረው። አሠመርኩበትም። አንድም ሰው፣ ምን ዓይነት ጅል ነህ ያለኝ የለም። ይህ እስከዛሬ ግራ ያጋባኛል።

መልሱ በነሐሴ መጀመሪያ ገባ። ተቀብለዋታል። በዐሥር ቀን ውስጥ መምጣቷን ካላረጋገጠች ቦታው ለሌላ ይሰጣል ይላል። ይህን እንዴት አወቅህ ካላችሁኝ፣ ደብዳቤው ሙሉ ሆኖ መድረሱን ማጣራት ሥራዬ ነበር። ደስ አለኝ፤ አትሜ፣ አጥፌ፣ ሁለት ስቴፕለር መትቼ፣ "14" ብዬ ሰቀልኩት። መሳቢያ ውስጥ ልቆልፈው እችል ነበር። ሥርዓት ሥርዓት ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያም ዝናቡ ጋብ ሲል የተጠበሰ በቆሎ ልገዛ ተሻገርኩ።

ስመለስ ጋሽ ይመር ጃንጥላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እትዬ አልማዝ ዝርዝሩን አይተው "ጋሽ ይመር፣ የልጅዎም ደርሷል" ብለው በደግነት አውርደው ሰጥተዋቸዋል። ስቴፕለሩ ተነቅሏል።

"ና እስቲ አንብብልኝ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ።

አፌ በቆሎ ሞልቶታል። ብናገር ሰዓዳን ከዳሁ፤ ዝም ብል ክፉ ወሬ ነው ብለው ይደነግጣሉ። ያኔ ነው ተሰጥኦዬ የጠራኝ።

"ከጨርቅ ፋብሪካ ነው" አልኩ። "ለእርስዎ እንድታደርስ ብለው በልጅዎ ስም ጻፉ። አዲስ ሐር አውጥተናል ይላሉ። አይጨማደድም፣ ቀለም አይለቅም።" እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። "ዝናብም አያርሰውም።"

"ዝናብ አያርሰውም?"

"ጠብ አይልበትም።"

አውሮፕላን አለፈ። ጋሽ ይመር እስኪያልፍ ጠበቁና እጃቸው ላይ ያለውን ጃንጥላ አዩት። "እንዲህ ያለውንማ ይኸውና ይዤዋለሁ" አሉ። ወረቀቱን አጠፉ። ልያዘው ብላቸው "የልጄ ነው፣ እኔ እሰጣታለሁ" ብለው ኮታቸው ኪስ ከተቱትና በድንጋዮቹ ላይ እየረገጡ ሄዱ።

ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ለሸጠ ሰው ስለ ጨርቅ መዋሸት ምን ይሉታል? በቀጥታ የሄዱት መድኃኒት ቤት ነው። መድኃኒተኛው በወረፋ የቆሙ ሁለት ሰዎች ፊት እውነተኛውን አነበበላቸው።

ወደ ማታ ሰዓዳ ከሥራ መጣች። ነጠላ ጫማዋ ጭቃ ነክቶታል፤ በድንጋዩ ላይ አልረገጠችም።

"እንደተቀበሉኝ ማን ነገረኝ መሰለህ?" አለችኝ። "በቆሎ የምትጠብሰዋ ሴትዮ። ከታክሲ ስወርድ እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ።"

"እኔኮ ላድንሽ ብዬ..."

"አንተ መቼ ነው ያነበብከው?"

ስቴፕለሩን ከፍቼ ዘጋሁት።

"በገዛ ጉዳዬ እኔ ስንተኛ ነኝ፣ ታምሩ?"

ብትጮህብኝ ይቀለኝ ነበር።

ቤት ውስጥ የሆነውን የሰማሁት ከራሷ ነው። ጋሽ ይመር ሂጂም አትሂጂም አላሉም። ያስቀየማቸው መደበቋ ነው። "እዚሁ ፊቴ ሆነሽ ከደበቅሽኝ፣ ባሕር ማዶ ስትሆኚማ ምን ልትደብቂኝ ነው?" አሏት። እሷም "መደበቅና ገና አለመናገር አንድ ነው እንዴ?" አለቻቸው። ነገሩ እዚያው ላይ ቆመ። ቀኑ ይሄዳል። አምስት ቀን ቀረ፣ አራት ቀረ። ማን ልክ እንደሆነ ለማወቅ ሞከርኩ፤ አባትየው ሲናገሩ አባትየው ልክ ናቸው፣ ልጅቷ ስትናገር ልጅቷ። እኔ ብቻ ነኝ በሁለቱም በኩል ስህተት የሆንኩት።

ሦስት ቀን ሲቀር ሱቃቸው ገባሁ። ጨርቅ እየለኩ ነበር።

"የማያርሰው ሐር መጣ?" አሉኝ ቀና ሳይሉ።

"ጋሽ ይመር፣ ሰዓዳ አልደበቀችዎትም። ያን ቀኑን ልትነግርዎ ነበር። እኛ ቀደምናት።"

"እናንተ እነማን ናችሁ?"

በጣቴ ቆጠርኩላቸው። እኔ አንድ። እትዬ አልማዝ ሁለት፤ ምን ይላል ብለውኝ ነግሬያቸዋለሁ። መድኃኒተኛው ሦስት። ወረፋ የነበሩት አምስት አደረሱት። እርስዎ ስድስት። የበቆሎዋ ሴትዮ ሰባት።

ሜትሩን አስቀመጡት። "ስምንተኛ" አሉ በዝግታ። "ልጄን ስምንተኛ አደረግናት።"

በማግስቱ ሰዓዳ መጣች። አባቷ ሂጂ ብለዋት ፊቷ በርቷል፤ ለእኔ ግን አይደለም። "የራሴን አድራሻ ክፈትልኝ" አለች። ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን አድራሻ በቤታችን ስንከፍት የመጀመሪያው ነበር። የይለፍ ቃል የሚጻፍበት ላይ ስንደርስ ወንበሩን ወሰደችብኝ።

"ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙር።"

አዞርኩ። ግድግዳው ላይ የእትዬ አልማዝ የንግድ ፈቃድ በመስታወት ክፈፍ ተሰቅሏል። መስታወቱ ውስጥ ኪቦርዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የሰዓዳ ጣትም አንድ ፊደል ይለቅማል፣ ትንሽ ይቆይና ሌላ። እኔ ደግሞ ፊደሎቹ ያሉበትን ተኝቼም የማውቅ ታይፒስት ነኝ። ሰባት ፊደል። ዓይኔን ጨፈንኩት ብዬ ብምል ደስ ባለኝ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ጻፈች፤ ለኮሌጁ ነው ብዬ አሰብኩ። አመስግናኝ ሄደች።

ሦስት ቀን ቻልኩ። በሦስተኛው ቀን፣ መልሱ በትክክል መላኩን ላጣራላት ብዬ፣ ሰባቱን ፊደል ጻፍኩ። ተከፈተ። ውስጡ አንድ ደብዳቤ ብቻ አለ። ከላዩ ላይ "ለታምሩ ይድረስ" ይላል።

"መስታወቱ ለአንተ ብቻ አይደለም የሚያሳየው። ዓይንህን አይቼዋለሁ። እኔ ሌላ ቦታ ሌላ አድራሻ ከፍቼ መልሴን ከዚያ እልካለሁ። ይኸኛውን ትቼልሃለሁ፤ የራስህ ምስጢር ሲኖርህ ታስቀምጥበታለህ። ስትወጣ ያንን ዝርዝር ከግድግዳው አውርደው።"

አወረድኩት። እሷም በመስከረም ሄደች። ጋሽ ይመር ከሰዓት በኋላ ሱቃቸው እያስጠሩኝ የእንግሊዝኛውን ፊደል እንዳስተምራቸው አደረጉ። የልጃቸውን ደብዳቤ በመነጽር፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ለራሳቸው ያነቡ ጀመር። ምን ይላል ብዬ አንድ ቀን ብጠይቃቸው "ከጨርቅ ፋብሪካ ነው" አሉኝ።

ዛሬ ስልኬ በየቀኑ ማለቂያ የሌለው ጽሑፍ እያመጣ "ትስማማለህ?" ይለኛል። እስማማለሁ። ምኑን እንደተስማማሁ አላውቅም። ከተማሩት ሰዎች አንዱ ምንም የሚደበቅ ከሌለህ ምን ያስፈራሃል ይላል፣ ሌላው ነጻነትህ ተሸጠ ይላል፤ ሁለቱም ሲናገሩ እንደ ጋሽ ይመርና እንደ ሰዓዳ ልክ ይመስሉኛል። እኔ የሚታየኝ፣ በዓለም አንድ ጫፍ አንድ ታምሩ ተቀምጦ፣ በቆሎ እየጋጠ፣ ደብዳቤዬ ሙሉ ሆኖ መድረሱን ሲያጣራ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ያ ነው የሚያስፈራኝ።

ሕሊና ሰሞኑን ስልኳን እያየች ብቻዋን ትስቃለች። ማን እንደሚያስቃት ማወቅ ፈለግሁ። ለደኅንነቷ ነው ልል ነበር፤ አይደለም፣ ቀንቼ ነው። ስልኳን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ያስገባሁት ቁጥር ሁሉ ደግሞ የእሷ የልደት ቀን አልነበረም፣ የራሴ ነበር፣ አንዴ ከፊት ወደ ኋላ፣ አንዴ ከኋላ ወደ ፊት።