ከልስኑ ሥር የቀረው ድንጋይ

አያቴን አባባ ነበር የምላቸው። የካ ያለውን የድንጋይ ቤታችንን በር ከመክፈታቸው በፊት ከግድግዳው አንዱን ድንጋይ መታ መታ አድርገው «አለህ?» ይሉት ነበር። ቤቱን በድንጋይና በጭቃ የሠሩት አባታቸው ናቸው፤ ያንን ድንጋይ ያስቀመጡት መጨረሻ ላይ ነው ይባላል። በደርግ ጊዜ ቤቱ ተወርሶ ሌላ ሰው ሲኖርበት እንኳ፣ አባባ በዚያ ሲያልፉ ሳይነኩት አይሄዱም ነበር። ኋላ ሲመለስላቸውም ልማዱን አልተዉም።

አምና አባባ ለፀበል እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሰነበቱበት ሳምንት፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ ግድግዳውን በሲሚንቶ አስለሰንኩት። ሲመለሱ እጃቸውን አነሱ። ልስኑን ትንሽ ዳበስ ዳበስ አድርገው እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው መለሱ።

«እንዴት ነው፣ አባባ?»

«አምሯል ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ።»

ከዚያ ወዲህ ዝም ብለው ነበር የሚገቡት።

አርባቸው ሳይደርስ ልስኑን በመሮ ማስለቀቅ ጀመርኩ። ድንጋዩ ከበሩ በስተቀኝ፣ በትከሻቸው ልክ ነበር። እዚያ ግን አራት ድንጋይ አለ። ስንት ዘመን ከኋላቸው ቆሜ «ቶሎ ይክፈቱ» እያልኩ ስቸኩል፣ የትኛው እንደሆነ ልብ ብዬ አላየሁም።

አራቱንም መታ መታ አደረግኋቸው። «አለህ?» ለማለት ግን አፈርኩ።